የቁጥሩ መደርደሪያ

ከደብረ ታቦር ወደ ጋሳይ ሲወጡ፣ ርብ ከጉና ተራራ ወርዶ ገና በእርምጃ የሚሻገሩት ጅረት በሆነበት ደጋ፣ የመንደሩ ሰው የጋራ ዘሩን በአደራ የሰጠው አንድ ገበሬ ነበር። ዘሩ ድንች ነው። ሰውዬው ዝርያ አዳቅሎ አያውቅም፤ መሬቱም ከጎረቤቶቹ መሬት አይሰፋም። ከሌላው የሚለየው የዘር ቤቱን ቁልፍ መያዙ ነው። የመትከያው ወቅት ሲቃረብ ሁሉም ሰው «አያ፣ ዘር ስጠኝ» እያለ ወደ እሱ ይመጣል። ብዙው ሰው ከዚህ ሌላ ቃል አይጨምርም። የትኛውን ዝርያ፣ ከየትኛው ማሳ የተነሳውን ብሎ አይጠይቅም። ኬሻውን ይዘረጋል፣ ይቀበላል፣ ተሸክሞ ይሄዳል። ጠባቂውን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳውም ይኸው አለመጠየቃቸው ነበር።

እንዲህ ያለ ዘር ቤት ላላየ ሰው ልንገር። ግድግዳው የባሕር ዛፍ ፍልጥ ነው፤ በፍልጡና በፍልጡ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ብርሃኑ ይገባል፣ ነፋሱ ያልፋል፣ ፀሐይ ግን ፊት ለፊት አትመታም። ጣሪያው ሣር ነው። ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ የእንጨት መደርደሪያ ነው፤ ድንቹ በሁለት በሦስት ድርብ ሳስቶ ተዘርግቷል። ጨለማ ውስጥ የተከመረ ድንች ረጅም፣ ነጭ፣ ሲነኩት የሚቀነጠስ ቡቃያ ያወጣል። እዚህ ግን ፍሬው አረንጓዴ ይለብስና አጭር፣ ወፍራም፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቡቃያ ያጎነቁላል። ለምግብ አይሆንም፤ ለዘር ግን ከዚህ የተሻለ የለም። በየመደርደሪያው ጫፍ ካርቶን ተንጠልጥሏል። ካርቶኑ ላይ የዝርያው ስም፣ የበቀለበት ማሳ፣ ዘር ቤት የገባበት ቀን ተጽፏል። ጉደኔ። በለጠ። ጓሳ። ታች ደግሞ አያቶች ይዘውት የኖሩት የአገሬው ነጭ ድንች።

እነዚህ ስሞች ዝም ብለው የመጡ አይደሉም። ድንች ራሱ እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እንግዳ ነው። በለጠ የምንለው ዝርያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሆለታ ስም አግኝቶ እስኪወጣ ድረስ በለጠ አልነበረም። 393371.58 ነበር። ቁጥሩን የሰጠው ፔሩ ውስጥ ሊማ ላይ ያለው ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል ነው። ከአዴት ምርምር ማዕከል የወጡት ዘንገናና ጓሳም እንዲሁ በቁጥር ኖረው ነው ስም ላይ የደረሱት። ቁጥር የያዘ እጩ በምርምር ጣቢያም በገበሬ ማሳም ከሚታወቀው ዝርያ ጎን ይተከላል። ገምጋሚዎች መጥተው ያዩታል። ይጽደቅ ካሉ ስም ይወጣለታል፤ አይሆንም ካሉ ቁጥሩ መዝገብ ላይ ይቀራል። ለአንድ ስም ብዙ ቁጥሮች ይቀራሉ። የተሠራው ሥራ ትልቁ ክፍል እዚያ መዝገብ ውስጥ መሆኑን ገበያ ላይ ድንች የሚገዛ ሰው አያስበውም።

አንድ ክረምት፣ ከአንድ ገበሬ ማሳ ጥግ፣ አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሆነች መሬት ላይ ቁጥር የያዘ እጩ ተተከለ። ቡሄ ሲደርስ የመንደሩ ድንች ዋግ መቶት ቅጠሉ ጠቁሮ ነበር፤ ያቺ ጥግ ብቻ እንደለመለመች ናት። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መንገዱን ለውጦ በዚያ በኩል ማለፍ ጀመረ። ተነቅሎ ሲታይ ደግሞ ፍሬው ትልልቅ፣ ቆዳው ልስልስ፣ አንዱ ሥር ብቻውን ቁና የሚሞላ ይመስላል። ተመራማሪው ወጣት ነው። መዝኖ፣ መዝግቦ፣ የሚወስደውን ወስዶ፣ የተረፈውን አንድ ኬሻ ለዘር ጠባቂው ሰጠው።

«አያ፣ ይህ ገና ነው» አለው። «አልጸደቀም። በሌላ አፈር፣ በሌላ ክረምት ምን እንደሚያሳይ እኔም አላውቅም። ስም አትስጡት። ለሚታዘቡልኝ ሰዎች ብቻ ይሁን፣ ያዩትን ይንገሩኝ።»

በሚቀጥለው ሰንበቴ ጠላው ሳይዞር ወሬው ስለ ኬሻው ሆነ። በመንደሩ አንድ ቸኩሎ የሚያድር ሰው ነበረ። ሁሌም መጀመሪያ የሚዘራ፣ መጀመሪያ የሚያጭድ፣ አዲስ ነገር ሲሰማ እንቅልፍ የማይወስደው። ተነሥቶ ተናገረ። «ያየነውን አይተናል። ዓይናችን ከገምጋሚ ዓይን በምን ያንሳል? ነጩን ድንች ጠርገን እናውጣ፤ ይህ አንድ ኬሻ ዘንድሮ አሥር ይሆናል፣ ከርሞ መቶ ይሆናል። ቴዎድሮስ እዚሁ ጋፋት መድፍ ሲያሠራ ቆይ ይጽደቅልን ብሎ ነበር?» ሰውም ራሱን ነቀነቀ፤ ደብረ ታቦር ላይ ቴዎድሮስን ጠርቶ የሚረታ የለምና።

አንዲት ባልቴት ከወዲያ ጥግ መለሱ። «ስም የሌለው ነገር ዘር ቤታችን ምን ይሠራል? የማላውቀውን ለልጆቼ አላበላም። ወደ መጣበት ይመለስ፤ ካልሆነም ይቀበር።» ለእሳቸውም የነቀነቀ ነበረ።

ዘር ጠባቂው ሁለቱንም ሰማና መጀመሪያ ለቸኳዩ መለሰ። «ወንድሜ፣ ጋፋትን ካነሣህ እስከ መጨረሻው አንሣው። ሴባስቶፖል በመጀመሪያው ቀን ከምድጃ አልወጣም። በፊት የከሸፈ አለ። ከከሸፈው በኋላ ትንሽ መድፍ ወጣ፤ ትንሹ ተተኩሶ ከታየ በኋላ ነው ንጉሡ ትልቁን ያዘዘው።» ይህን ያለው እውነቱን ነው። መድፉን የሠሩት ሚሲዮናውያን፣ ቫልድማየርና ጓደኞቹ፣ ወንጌል ሊያስተምሩ እንጂ መድፍ ሊያቀልጡ አልመጡም ነበር፤ ሥራውን የተማሩት እየወደቁ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ እየወጡ ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል እ.ኤ.አ. በ1867 ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ የተጎተተው ከዚያ ሁሉ ሙከራ በኋላ ነው፤ ዛሬም እዚያው አለ።

ለባልቴቷ ደግሞ እንዲህ አላቸው። «እናቴ፣ እርስዎም ልክ ነዎት፤ ግን ቢቀበር አንድ ነገር እናጣለን። ይህ ቁጥር ነገ ስም ያገኝ ይሆናል። ያን ጊዜ የጉናን ውርጭ፣ የእኛን ቀይ አፈር፣ የእኛን የዘር ቤት ቅዝቃዜ ሳያውቅ ይመጣል። ችግር ቢኖረው በሁላችን ማሳ ላይ፣ በአንድ ክረምት፣ በአንድ ጊዜ ነው የምናየው። ዛሬ በአንድ ሰው መደብ ላይ ብናየው አይሻልም?»

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ነው ታሪኩ እንዲተረክ ያደረገው። ከዘር ቤቱ በስተግራ፣ ከሌሎቹ መደርደሪያዎች ክንድ ያህል አርቆ፣ አንድ አዲስ መደርደሪያ ሠራ። ካርቶኑ ላይ ስም አልጻፈም፤ ቁጥሩን ብቻ ጻፈ፣ ከቁጥሩ ፊት ደግሞ በቀይ ክር ምልክት አሰረ። «ዘር ስጠኝ» ብሎ ለሚመጣ ሰው እጁ ወደዚያ መደርደሪያ አይዘረጋም። ቁጥሩን ጠርቶ «እሱን ስጠኝ» ላለ ሰው ግን ይሰጣል፤ ያውም አስቀምጦ ካነጋገረው በኋላ። ከአንድ መደብ በላይ አይሰጥም። መደቡ ከማሳው ጥግ፣ ውሃ ከእሱ ተነሥቶ ወደሌላው ድንች በማይወርድበት በኩል እንዲሆን ያስገድዳል። የተቀረው ማሳ በሚታወቀው ዝርያ መተከል አለበት፤ ነጩን ድንች ጠርጎ የጣለ ሰው ከቁጥሩ አያገኝም። የመጨረሻው ውል ከሁሉም ይከብዳል፦ ያየኸውን መጥተህ ትነግረኛለህ፣ በተለይ ክፉውን።

ቸኳዩ ሰው ቅር ብሎት ነበር። ሆኖም ቁጥሩን በቃሉ ይዞ የመጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሆነ። ዘር ጠባቂውም በደስታ ሰጠው። እንዲህ ያለ ሰው ለመንደር ያስፈልጋል፤ የሚያስፈልገው ግን ጥግ ላይ ነው። ባልቴቷ በበኩላቸው የራሳቸውን በለጠ ወስደው ሄዱ፤ ማንም የማያውቁትን ነገር ኬሻቸው ውስጥ እንዳልጨመረባቸው እርግጠኛ ነበሩ። ሁለቱንም ያስተናገደው አንዱ ቤት ነው።

ከወንዙ ማዶ ያለው መንደርም ዘር ጠባቂ ነበረው። ክፉ ሰው አይደለም። ከዚያው እጩ ኬሻ ደርሶት ነበር። ሰው ሲጨቀጭቀው፣ ነጋዴም ኢሱዙውን በር ላይ አቁሞ ሲጠብቀው፣ መለየቱ ከበደው። ለየብቻ መደርደሪያ መሥራት፣ ለየሰዉ ማስረዳት፣ እምቢ ማለት ድካም ነው። እጩውን ከበለጠ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አፈሰሰው። ሰው ሲጠይቀው «አዲሱ በለጠ ነው» አለ። ነገሩም ቀለለለት፣ ሰውም አመሰገነው። በዚያ ዓመት የማዶው መንደር ደስታ ከወንዝ ወዲህ ይሰማ ነበር።

ታሪኩን እዚህ ላይ ላቁመውና ለማን እንደምነግረው ልናገር። ሶፍትዌር ከሚሠሩት ሰዎች እጅ ተቀብለው፣ አሽገው፣ ለማኅበረሰቡ በጋራ ጎተራ የሚያስቀምጡ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ የፓኬጅ ጠባቂዎች ናቸው። ፕሮግራሙን አልጻፉትም። ተጠቃሚውም አያውቃቸውም። አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. የተባለው የግዕዝ ፎንት ዴቢያን በሚባለው የጋራ ጎተራ ውስጥ የሚገኘው እንዲህ ያለ ሰው ስላሸገው ነው። ደብረ ታቦር ላይ ያለ አንድ መምህር ኮምፒውተሩን ሲያድስ «ዘር ስጠኝ» ብቻ ነው የሚለው። የትኛው ቨርዥን፣ ቤታ ነው ወይስ የጸደቀ ብሎ አይጠይቅም። መጠየቅም አይጠበቅበትም። እንበልና ፎንቱ ገና እየተሞከረ ያለ ቨርዥን ቢሆን፣ «ቋ» በምትገባበት ቦታ ሁሉ ባዶ ሳጥን ቢታይ፣ መምህሩ የሚያውቀው የፈተና ወረቀቱ ታትሞ ከወጣ በኋላ ነው። ሳጥኑን ያስገባው ሰው ሩቅ አገር ተኝቷል።

ስለዚህ ነው ዴቢያን አራት ጎተራ ያለው። ጥሬው ኤክስፐሪመንታል በሚባለው ይገባል፤ ከዚያ የሚወስደው ስሙን ጠርቶ የጠየቀ ብቻ ነው፣ ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ ከዚያ አያነሣም። ቀጥሎ አንስቴብል፣ ከዚያ ቴስቲንግ፣ መጨረሻ ላይ መምህሩ የሚጠቀምበት ስቴብል። የፓይተን ፕሮግራሞችን የሚያመጣው ፒፕም ቢሆን የጸደቀ እያለ ቤታውን በራሱ አያመጣም፤ እፈልጋለሁ ብለህ በግልጽ ማዘዝ አለብህ።

የቀይ ክሩንም ነገር እዚያ ታገኘዋለህ። በዴቢያን እጩ ቨርዥን ሲታሸግ ከቁጥሩ በኋላ ~ የምትባል ሞገድ መሳይ ምልክት ትገባለች፦ 2.0~አርሲ1። ይህች ምልክት ባለችበት፣ ኮምፒውተሩ እጩው ከ2.0 በፊት እንደሚመጣ ያውቃል፤ እውነተኛው 2.0 ሲደርስ እጩውን ሽሮ ይተካዋል። ጠባቂው ዘንግቶ 2.0አርሲ1 ብሎ ቢያሽግ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለኮምፒውተሩ እጩው ከጸደቀው ይበልጣል። የጸደቀው ሲመጣ «ያረጀ ነው» ብሎ አይቀበልም፣ ሰዎችም ጥሬው ላይ ተቸንክረው ይቀራሉ። ለዚህ መድኃኒት አለው፤ ከቁጥሩ ፊት ኢፖክ የሚባል ሌላ ቁጥር መለጠፍ ነው። አንዴ የተለጠፈ ኢፖክ ግን ከዚያ ፓኬጅ ላይ አይነሣም፣ ትውልድ እስኪያልፍ አብሮት ይኖራል። አንዲት ምልክት በመዘንጋት የመጣ ጠባሳ ነው።

ወደ መንደሩ ልመለስ። ቸኳዩ ሰው መደቡን የተከለው በታችኛው ማሳው፣ ሞቅ ባለው ዝቅታ ጥግ ነበር። ሌሎቹ ቁጥሩን የወሰዱ ሰዎች ላይኛው ብርድ ውስጥ ተክለዋል፤ የእነሱ ያማረ ነው። የእሱም እስከ ሐምሌ ያማረ ነበር። አንድ ቀን አፈር ሊያስታቅፍ ዶማውን ይዞ ሲወርድ፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ፣ ሦስት ሥሮች ቀን ላይ ጠውልገው አገኘ። ቅጠላቸው ቢጫ አልሆነም፤ አረንጓዴ እንደሆነ ወድቋል። ማታ ተመልሰው ቀና አሉ። በማግስቱ ቀን ላይ እንደገና ወደቁ።

ደብቆ ቢያልፈው ማንም አያውቅበትም ነበር። ከሰው ሁሉ በላይ ስለዚህ ድንች የተናገረ እሱ ነውና መናገሩ ያሳፍረው ነበር። ሆኖም ውል አለበት። አንዱን ሥር ነቅሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ዘር ጠባቂው ወጣ። «አያ፣ ያልከኝን ክፉውን ይዤልህ መጣሁ» አለው።

ጠባቂው ከግንዱ ስንዝር ያህል ከሥሩ በላይ ቆረጠ። ብርጭቆ አስመጥቶ ንጹሕ ውሃ ሞላበት፤ የግንዱን የተቆረጠ ጫፍ ብቻ ውሃው ውስጥ አስገብቶ ሳያናውጥ ያዘው። ሁለቱም ዝም ብለው ተመለከቱ። ጥቂት ቆይቶ ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ነጭ ክር ወጣ። ቀጥ ብሎ ወደ ብርጭቆው ወለል ወረደ፤ ከጎኑ ሌላ ክር ተከተለው። አጠውልግ ነው። ቅጠል ላይ የሚታይ፣ ዝናብ ሲያባራ የሚተው ዓይነት በሽታ አይደለም። ፍሬው ውስጥ ተደብቆ ይጓዛል፣ ብርድ ባለበት ሳይታይ ይከርማል፣ አፈር ውስጥ ገብቶ ዓመታት ይቆያል። ኬሻው ሲመጣ ድንቹ በዓይን ጤነኛ ነበር።

ያን ቀን የሆነው ነገር ሁሉ ፈጣን ሆነ፤ ፈጣን ሊሆን የቻለውም ነገሩ ቀድሞ ስለተለየ ነው። መደቡ በሙሉ ከነአፈሩ ተነቅሎ ከውሃ መውረጃ ርቆ ተቀበረ። ቦዩ ተደፈነ። ዶማው ታጥቦ በእሳት ላይ ተያዘ። በዚያ ጥግ ድንች ቀርቶ ቲማቲምና በርበሬም ለዓመታት እንዳይተከል፣ ገብስ እንዲገባበት ተነጋገሩ። ከቀዩ ክር መደርደሪያ የወሰዱት ሰዎች በካርቶኑ ጀርባ ተጽፈው ስለነበር ጠባቂው ቤት ለቤት ዞረ፤ ላይኛው ማሳ ላይ አምሮ የቆመውን ሁሉ አስነቀለ። ያማረውን ማስነቀል ከጠወለገው ይከብዳል። አንዳንዱ አለቀሰ። ግን ከእያንዳንዱ ሰው የጠፋው አንድ መደብ ነው፤ የተቀረው ማሳ በለጠና ጉደኔ ነው፣ በክረምቱም ማንም አልተራበም። ለተመራማሪው የተላከለት ወሬም የተሟላ ነበር፦ የትኛው ቁጥር፣ በየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ሥር፣ ከብርጭቆው የታየው። ወጣቱ ወረቀቱን ይዞ ዘሩ ከተባዛበት ቦታ ድረስ ሄደ፤ በሽታው ከየት እንደገባ አገኘው።

ዘር ጠባቂው ያንኑ ምሽት ወንዙን ተሻገረ። ለማዶው ጠባቂ ያየውን ነገረው። ማዶኛው ፊቱ ተለወጠ፤ ተነሥቶ ዘር ቤቱን ከፈተ። መደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ ሁሉም አጎንቁሏል። በለጠው የቱ ነው? ቁጥሩ የቱ ነው? አንዱን ፍሬ አንሥቶ ብርሃን ላይ ገለባበጠው፣ አስቀመጠው፣ ሌላ አነሣ። ለማን ምን እንደሰጠም አልጻፈም። ስሙ አንድ ነበርና የሚጻፍ ነገር አልነበረውም። በሚቀጥለው ክረምት ማዶ ላይ ከላይ እስከ ታች ማሳው ቀን ቀን ጠወለገ። የሚያሳዝነው ሌላም ነገር አለ፤ ሰዉ የረገመው በለጠን ነበር። «በለጠ ከዳን» የሚል ወሬ እስከ ገበያ ወረደ። ዓመታት ደክመው በለጠን ያወጡ ሰዎች ባልሠሩት ጥፋት ስማቸው ተነሣ፤ ጥፋቱ የእጩው ይሁን ወይስ የበለጠ ዝርያ፣ ከማዶ የሚላክ ወሬ ሊነግራቸው አልቻለም።

ይህ የመጨረሻው ነገር የፓኬጅ ጠባቂ የሆነን ሰው ሁሉ ሊያስጨንቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ጥሬውን በጸደቀው ስም የሚያከፋፍል ሰው ሁለት ጊዜ ይበድላል። ተጠቃሚውን ይጎዳል፤ ሠሪውንም ባልለቀቀው ሥራ ያስከስሰዋል። የሶፍትዌሩ ሠሪ «ገና ነው፣ በጎተራችሁ አትልቀቁት» ሲል ቃሉን ማክበር ከጨዋነት ያለፈ ነገር ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚታወቅ ስሕተት ብቻ ነው ሊታረም የሚችለው።

ጥጉ ላይ የተከለ ሰው ምን ያህል እንደሚያድን በቅርቡ ዓለም አይቷል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ በዴቢያን አንስቴብል ላይ ሲሠራ ወደ ኮምፒውተሩ የመግቢያው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለ። ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈው ነበር። እሱ ግን ሥሩን ቆፍሮ፣ ኤክስዜድ በተባለው መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ ስውር በር አገኘ፤ ለሁሉም ተናገረ። ፓኬጁ የጸደቀውን ዴቢያን ስቴብል ገና አልደረሰበትም ነበር። ጠባቂዎቹ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ያሸጉት ፓኬጅ ቁጥር 5.6.1+ሪሊ5.4.5 ይላል፤ ቁጥር ወደ ኋላ ስለማይሄድ፣ ላዩ 5.6.1 ይሁን እንጂ ውስጡ በእርግጥ 5.4.5 ነው ማለታቸው ነው። አሮጌው 5.4.5 በእጃቸው ባይኖር ወዴት ይመለሱ ነበር?

የማዶው መንደር የሚመለስበት ዘር ያገኘው ከወንዙ ወዲህ ነው። ባልቴቷ መጀመሪያ ከራሳቸው በለጠ ላኩላቸው። ዘር ጠባቂው ከታችኛው መደርደሪያ ነጩን ድንች ጨመረ፤ ቸኳዩ ሰው ጠርገን እናውጣው ያለው ያ ድንች ነው። አህያውን ጭኖ ያሻገረውም ቸኳዩ ራሱ ነው። ማዶኛው ጠባቂ ዘሩን ተቀበለና አመሰገነ፤ ከዚያ እንጨት መለኪያ ይዞ ተሻገረ። የቀዩን ክር መደርደሪያ ቁመትና ስፋት ለካ፣ ካርቶኑ በምን እንደተሰቀለ አየ፣ ሰው ሲጨቀጭቅ ምን እንደሚመልስ ጠየቀ። ሁለቱ ስለዚህ የመጨረሻው ብዙ ተነጋገሩ።

ክረምቶች አለፉ። ተመራማሪው ከጤነኛ ተክል ዘሩን እንደገና አባዝቶ ያንኑ ቁጥር ይዞ መጣ፤ እንደገና ቀይ ክር ታሰረለት፣ እንደገና ጥግ ላይ ተተከለ። ሞቅ ባለው ዝቅታም፣ በብርዱም፣ ውርጭ በመታበትም ዓመት ታየ። ሌላም ጠባይ ወጣበት፤ ከበለጠ ቀድሞ ያጎነቁላል፣ ስለዚህ ዘር ቤት ውስጥ ዘግይቶ መግባት አለበት። ይህን ያወቀው ጣቢያው አይደለም፤ ዘር ጠባቂው ነው። ተጽፎ ተላከ። በመጨረሻ ገምጋሚዎቹ መጡ፣ አዩ፣ አጸደቁት። ቁጥሩ ስም አገኘ።

የጸደቀው ንጹሕ ዘር በኬሻ ሲደርስ ጠባቂው ከሰንበቴው ላይ አስነገረ፦ ቁጥሩን የያዘ ሁሉ ይዞ ይምጣ፣ በምትኩ ስም ያለውን ይውሰድ። አንዳንዱ «አንድ አይደለም ወይ፣ ምን ያለዋውጣል?» ብሎ አጉረመረመ። እሱ ግን ቤት ለቤት ዞሮ፣ ከካርቶኑ ጀርባ ስማቸውን አንድ በአንድ እየሰረዘ፣ በሙከራ ጊዜ የተሰጠ አንድ ፍሬ በማንም እጅ ሳይቀር ሰበሰበ። ያጎነቆለውን ቀበረ። አዲሱን ከበለጠና ከጉደኔ ጎን በዋናው መደርደሪያ ላይ ዘረጋ፤ ካርቶኑ ላይ ስሙን በትልቁ፣ ከሥሩ የቀድሞውን ቁጥር በትንሹ ጻፈ።

በዚያ ዓመት ባልቴቷ «ዘር ስጠኝ» ብለው መጡ። ጠባቂው ከአዲሱ ቀዳላቸው፣ ምን እንደሆነም ነገራቸው። «ቀድሞ ያጎነቁላል ያልከው እሱ ነው?» አሉት፤ ወሬው ደርሷቸው ኖሯል። ቸኳዩ ሰውም ተከትሏቸው ገባ። ኬሻውን ዘርግቶ የድርሻውን አልጠበቀም፤ ዓይኑ በስተግራ ወዳለው ባዶ መደርደሪያ ሄደ።

«አያ፣ ሌላ ቁጥር አልመጣም?»

«ሁለት መጥቷል» አለ ጠባቂው። «ተቀመጥ፣ ጥጉን የት እንዳዘጋጀኸው ንገረኝ።»